የወንጀል ልብ ወለድ ሲመርጡ፦ እንቆቅልሽ፣ የግል መርማሪ፣ የፖሊስ ሥራ፣ የወንጀለኛው ልቡና ወይስ ስለላ?

ሽፋኑ ላይ «ልብ አንጠልጣይ» የሚል የተጻፈበት መጽሐፍ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የወንጀል ልብ ወለድ ተብለው በአንድ መደርደሪያ የሚደረደሩት መጻሕፍት ቢያንስ አምስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱን ወዶ የጨረሰ አንባቢ ሌላውን ከፍቶ «ደራሲው አልቻለበትም» ብሎ ሲዘጋው፣ ብዙውን ጊዜ መጽሐፉ የሚያነሣው ጥያቄ እሱ ከጠበቀው የተለየ ሆኖበት ነው።

ዓይነቱን የሚለየው ይኸው ጥያቄ ነው። እንቆቅልሹ «ማን ገደለ? እንዴትስ?» ይላል። የግል መርማሪው ታሪክ «ይህ ሰው ከዚህ ከተበላሸ ከተማ ራሱን ሳያረክስ ይወጣል?» ይላል። የፖሊስ ሥራን የሚተርከው «ማስረጃው እንዴት ተሰበሰበ?» ብሎ ይከታተላል። ወደ ወንጀለኛው ልቡና የሚገባው ገዳዩን ከመጀመሪያው አሳይቶ «ለምን አደረገው? መቼስ ይያዛል?» እያለ ያስጨንቃል። የስለላው ደግሞ «ማን ለማን ነው የሚሠራው?» ይላል። ከአምስቱ የትኛው ጥያቄ እንቅልፍ እንደሚነሣዎ ማወቅ፣ የደራሲ ስም ከማወቅ ይቀድማል።

ሁለተኛው ነገር የንባብ ልማድዎ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ አምስት ገጽ፣ ምሳ ሰዓት ሰባት ገጽ እያለ የሚያነብ ሰው፣ ቅዳሜ ከሰዓቱን በሙሉ ለመጽሐፍ የሚሰጥ ሰውና ሌሊት በጆሮ ማዳመጫ ትረካ የሚሰማ ሰው አንድ መጽሐፍ አይስማማቸውም። ከዚህ በታች አምስቱን ከነአነባበባቸው እናያለን። ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንቆቅልሹ

ይህ ዓይነት ውል አለው። መርማሪው ያየውን ፍንጭ ሁሉ ደራሲው ለአንባቢም ያሳያል፤ አንባቢው ከመርማሪው ቀድሞ መፍትሔው ላይ ለመድረስ ይሞክራል። ውሉ በጽሑፍ የሰፈረበት ጊዜም ነበር። በ1929 ሮናልድ ኖክስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስና የምርመራ ልብ ወለድ ደራሲ አሥር ደንቦችን አወጣ። ከነዚህ ውስጥ ጥፋተኛው በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ የተጠቀሰ ሰው እንዲሆን፣ ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይል መፍትሔ ሆኖ እንዳይመጣ፣ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢ እንዳይደብቅ፣ መንታ ወንድማማቾችም አንባቢው ሳይዘጋጅ ድንገት ብቅ እንዳይሉ የሚያዝዙት ይገኙበታል። በ1930 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው ዲቴክሽን ክለብ የተባለው የደራስያን ማኅበርም አባላቱን በዚሁ መንፈስ ቃል ያስገባ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ኤለሪ ኩዊን በሚል የብዕር ስም ይጽፉ የነበሩት ሁለት ዘመዳሞች ደግሞ በመጀመሪያዎቹ መጻሕፍታቸው መፍትሔው ሊገለጥ ሲል ትረካውን አቁመው፣ ለመፍታት የሚያስፈልገው ሁሉ በእጁ መግባቱን ለአንባቢው የሚነግር ገጽ ያስገቡ ነበር።

ውሉ አንባቢውንም ያስገድዳል። መጀመሪያ ጊዜውን ይመለከታል፦ 250 ገጽ ያለው እንቆቅልሽ በሦስት ወይም በአራት ቀን ቢያልቅ ይመረጣል። በሦስት ሳምንት እየቆራረጡ ካነበቡት ምዕራፍ 2 ላይ የታየው ክፍት መስኮት ወይም ሁለተኛው የሻይ ስኒ ምዕራፍ 24 ላይ ሲነሣ ትዝ አይልዎትም፤ መፍትሔው ከሰማይ የወረደ ይመስልዎታል፣ ደራሲውንም ያለጥፋቱ ይወቅሱታል። «እንቆቅልሽ አልወድም» የሚሉ ብዙ ሰዎች ችግራቸው ይኸው ነው፦ መጽሐፉን ወደውት ሊሆን ይችላል፣ ያነበቡት ግን ቆራርጠው ነው።

ከዚያ ግማሽ ወረቀት አጥፈው መጽሐፉ ውስጥ ያስቀምጡ። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ስሙን፣ ከሟቹ ጋር ያለውን ዝምድና፣ ግድያው በተፈጸመበት ሰዓት «ነበርኩ» ያለበትን ቦታና ይህን የተናገረበትን ገጽ ይጻፉ። በዚህ ዓይነት ልብ ወለድ ዋናዎቹ ተጠርጣሪዎች ብዙ ጊዜ ከስድስት እስከ አሥር ስለሆኑ ግማሽ ወረቀት ይበቃል። ዘበኛውንና የቤት ሠራተኛዋን አይዝለሉ፤ ገዳይ ባይሆኑ እንኳ ማን መቼ እንደገባና እንደወጣ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የቤቱ ንድፍ ወይም ካርታ ካለ በየምስክርነቱ ወደሱ ይመለሱ። ለጌጥ የገባ ካርታ እምብዛም የለም።

ሦስተኛው ደግሞ ብዙ አንባቢ የሚዘለው ነው። መርማሪው ሁሉንም ሰው አንድ ክፍል ሲሰበስብ፣ ወይም ማን እንደሆነ ማወቁን ሲናገር መጽሐፉን ይዝጉት። ይህ አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው አንድ አሥረኛ ላይ ይመጣል። ወረቀትዎ ላይ ማን፣ እንዴት፣ በየትኞቹ ሦስት ፍንጮች እንደሚሉ ይጻፉ። «ፊቱ አላማረኝም» ብለው የጠረጠሩት ሰው ጥፋተኛ ሆኖ ቢገኝ እንደፈታው አይቆጠርም፤ ፍንጩን መጥቀስ ያስፈልጋል። በዚህ አኳኋን ያነበበ ሰው ቢሳሳትም እንኳ የመጨረሻው ምዕራፍ እጥፍ ይጣፍጠዋል።

ከማን ይጀመር ለሚለው፣ አጋታ ክሪስቲ 66 ረጃጅም የምርመራ ልብ ወለዶች ስለጻፈች ምርጫ አያንስም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ሠርታለች፤ መርዝ በሚገባባቸው መጻሕፍቷ ውስጥ የሚጠቀሰው መጠን፣ ጣዕምና ምልክቱ የሚታይበት ሰዓት በእውቀት የተጻፈ ነው። አንድ ሰው ቡናው መረረኝ ካለ ገጹን ይመዝግቡ።

አሁን ለአማርኛ አንባቢ ዋናውን ጉዳይ እናንሣ። ወደ አማርኛ የሚመለሱ ልብ ወለዶች ሁለት መንገድ አላቸው። አንዱ ደራሲው የጻፈውን ሳይቀንስ የሚያመጣ ትርጉም ነው። ሌላው ውርስ ትርጉም ነው፤ የታሪኩን አጥንት ይዞ ስሙን፣ ቦታውን፣ አንዳንዴም ልማዱን ወደ እኛ ያዞራል። ውርስ ትርጉም ለፍቅርና ለስለላ ታሪክ ደህና ሊሠራ ይችላል፤ እንቆቅልሽን ግን ይገድለዋል። ፍንጩ በባቡር መነሻ ሰዓት፣ በእንግሊዝ የውርስ ሕግ ወይም ራት ከመበላቱ በፊት በሚደወል ደወል ላይ የቆመ ከሆነ ታሪኩን አዲስ አበባ ማምጣት ምሰሶውን መንቀል ነው። ተርጓሚው «አሰልቺ ነው» ብሎ የዘለለው የአትክልት ቦታ መግለጫ ውስጥ ደግሞ የጫማው ዱካ አለ።

ስለዚህ የተተረጎመ እንቆቅልሽ ከመግዛትዎ በፊት ይመርምሩት። የመነሻው መጽሐፍ ርእስና ደራሲ መግቢያው ላይ ከሌለ ውርስ ትርጉም ነው ብለው ይጠርጥሩ። ካለ የምዕራፎቹን ቁጥር ከመነሻው ጋር ያስተያዩ። ገጽ ቆጥሮ መፍረድ ያሳስታል፤ አማርኛ ባለቤቱንና ተሳቢውን ግሱ ውስጥ ስለሚያጥፍ የተሟላ ትርጉም እንኳ በቃላት ቁጥር ያንሳል። ምዕራፍ ግን አይዋሽም፦ 27 የነበረው 16 ሆኖ ከመጣ ለእንቆቅልሽ አይሆንም። እንግሊዝኛዎ መካከለኛ ከሆነ ይህን ዓይነት በመነሻው ቋንቋ ማንበብ ይሻላል፤ ዓረፍተ ነገሮቹ ግልጽ ናቸው፣ የቤት ዕቃና የዝምድና ስሞች ይደጋገማሉ፣ 50 ገጽ ካለፉ በኋላ መዝገበ ቃላት ብዙ አያስፈልግም።

የግል መርማሪው

ይህ አሜሪካዊ ነው፤ በ1920 የተጀመረው ብላክ ማስክ መጽሔት አሳደገው። ከዚህ ዓይነት ዋና ደራስያን አንዱ የሆነው ዳሺል ሃሜት ራሱ ፒንከርተን በተባለው የግል ምርመራ ድርጅት ውስጥ ሠርቷል፤ ሬይመንድ ቻንድለር የመጀመሪያ ረጅም ልብ ወለዱን በ1939 አወጣ። እዚህ ወረቀትና የስም ዝርዝር አያስፈልግም። ሴራው ሆን ተብሎ የተወሳሰበ ስለሆነ አንዳንዴ ማን ማንን እንደገደለ ጨርሰውም አይለይልዎትም፤ ይህን እንደ ጉድለት አይቁጠሩት። አንባቢውን የሚይዘው የተራኪው ድምፅ፣ የከተማው ሽታና ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ሲዋሹ የሚመርጡት ቃል ነው።

ስለዚህ መመዘኛው የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። ድምፁ ካልያዘዎት 100ኛው ገጽ ላይም አይይዝዎትም፤ ያለ ጸጸት ይመልሱት። በእንግሊዝኛ ለማንበብ ከአምስቱ ሁሉ ከባዱ ይኸኛው ነው፤ የ1930ዎቹ የመንገድ ቋንቋ ሞልቶታል፣ ብዙው ቃል ተራ መዝገበ ቃላት ውስጥ የለም። የአማርኛ ትርጉም ሲያገኙ ደግሞ ንግግሩን ይመልከቱ። ወሮበላው እንደ ዜና አንባቢ የሚናገር ከሆነ፣ ሁሉም ሰው «እባክዎን ይህን ጉዳይ ያብራሩልኝ» እየተባባለ ከሄደ ሴራው ሳይጎድል መጽሐፉ ሞቷል ማለት ነው። ሰፈር የሚያውቅ ተርጓሚ ያስፈልገዋል።

በአንደኛ መደብ፣ «እኔ» እያለ ስለሚተረክ ለጆሮ በጣም ይመቻል። አንድ ጥሩ ተራኪ ይበቃዋል።

የፖሊስ ሥራ

ለተቆራረጠ ንባብ ከዚህ የተሻለ የለም። ምርመራው በብዙ ሰዎች ትከሻ ላይ ነው፦ አንዱ ጎረቤት ያነጋግራል፣ አንዱ የስልክ መዝገብ ያገላብጣል፣ አንዷ ከአስከሬን ምርመራ ውጤት ትጠብቃለች። ጉዳዩ ስለሚዘገይ የደረሱበት ነገር በየጊዜው በስብሰባ ይከለሳል፤ ይህ ክለሳ ለመርማሪዎቹ ብቻ ሳይሆን ለእርስዎም ነው። አራት ቀን ሳያነቡ ቢቆዩ ቀጣዩ ስብሰባ ያስታውስዎታል።

አሜሪካዊው ኤድ ማክቤይን በ1956 የአንድ ፖሊስ ጣቢያ መርማሪዎችን በሙሉ ዋና ገጸ ባሕርይ አድርጎ ጀመረ። ከ1965 እስከ 1975 ድረስ ደግሞ ስዊድናውያኑ ማይ ሼቫልና ፐር ቫሉ ጥንዶች ሆነው አሥር መጻሕፍት ጻፉ፤ አሥሩንም የአንድ ረጅም ታሪክ ክፍሎች አድርገው ስላቀዱ እያንዳንዱ 30 ምዕራፍ አለው። ስሌቱ ለአንባቢ ደስ ይላል፦ በቀን ሦስት ምዕራፍ ካነበቡ አንዱ መጽሐፍ በአሥር ቀን ያልቃል። ወንጀሉን ተከትለው የሚያሳዩት የስዊድንን ኑሮ ነው፦ የሠራተኛውን ቤት፣ የቢሮክራሲውን ድርቅና፣ የመርማሪውን ትዳር። ዛሬ ከሰሜን አውሮፓ የሚመጣው ጨለም ያለ የወንጀል ልብ ወለድ ሁሉ የእነሱ ዕዳ አለበት።

የዚህ ዓይነት ጣጣው መሐሉ ነው። ከ100ኛው እስከ 160ኛው ገጽ አካባቢ ምንም የማይሆን ይመስላል፤ ፍንጭ ይጠፋል፣ መርማሪዎቹ ይታክታሉ፣ ዝናብ ይዘንባል። ደራሲዎቹ ይህን ያደረጉት ሥራው እንዲያ ስለሆነ ነው። የማይታገሡት ከሆነ እንቆቅልሹን ወይም ቀጣዩን ይምረጡ እንጂ ገጽ እየዘለሉ አያንብቡ፤ በተሰላቸው ክፍል ውስጥ የተወረወረች አንዲት የጎረቤት ቃል ጉዳዩን ትከፍተዋለች።

ቤልጅጋዊው ጆርጅ ሲመኖን በፖሊሱና በሚቀጥለው ዓይነት መካከል ይቆማል። ኮሚሳር ሜግሬን ይዞ ከ1931 እስከ 1972 ድረስ 75 ልብ ወለዶች ጽፏል። አጫጭር ናቸው፤ ብዙዎቹ 150 ገጽ አካባቢ ስለሆኑ በአንድ ምሽት ያልቃሉ። ሜግሬ ከፍንጭ ይልቅ ሰው ያዳምጣል፤ ቡና ቤት ተቀምጦ ሰፈሩ እስኪገባው ይጠብቃል። ሲመኖን ሆን ብሎ በቀላል ቃላት ስለጻፈ ፈረንሳይኛ ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ ማግኘት ያስቸግራል።

የወንጀለኛው ልቡና

ገዳዩን ቀድሞ አሳይቶ መርማሪው እንዴት እንደሚደርስበት የመተረኩን ስልት ኦስቲን ፍሪማን የተባለ እንግሊዛዊ በ1912 ባወጣው የአጫጭር ታሪኮች መድበል ሞክሮታል። ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ በ1950ዎቹ ከዚያ አልፋ አንባቢው ወንጀለኛው እንዳይያዝ እስኪመኝ ድረስ ልቡን ወሰደችው። የዚህ ዓይነት ኃይል ይኸው ምቾት ማጣት ነው፦ ከማይወዱት ሰው ጋር ይወግናሉ፣ በመወገንዎም ይደነግጣሉ።

ሰዎች ጥቂት፣ ቦታው ጠባብ፣ ፍንጭ መመዝገብ አላስፈላጊ ነው። ነገር ግን ግፊቱ እንዳይበርድ በሁለት ወይም በሦስት ረጅም ቁጭታ ይነበብ። በየቀኑ አሥር ገጽ ካደረጉት ጭንቀቱ በየቀኑ ከዜሮ ይጀምራል። ለእንቅልፍ ማምጫ አይሆንም፤ አልጋ ላይ ለማንበብ ፖሊሱን ወይም ሜግሬን ይውሰዱ።

ስለላ

እዚህ ሁለት መንገድ አለ። ኢያን ፍሌሚንግ በ1953 የጀመረው የድርጊቱ መንገድ ነው፤ ጀግናው ይታወቃል፣ ጠላቱ ይታወቃል፣ ጥያቄው እንዴት ያመልጣል ነው። ጆን ለካሬ በ1963 ያሳየው ደግሞ የቢሮው መንገድ ነው፤ ሰላዩ ደሞዝተኛ ነው፣ አለቃው ይዋሸዋል፣ ድል የሚባለው ነገር ከሽንፈት ብዙም አይለይም። ሁለቱም ደራስያን ከሥራው ውስጥ የወጡ ናቸው፦ ፍሌሚንግ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ ባሕር ኃይል መረጃ ክፍል፣ ለካሬ በአገሩ የውስጥም የውጭም የመረጃ መሥሪያ ቤቶች ሠርተዋል። ፈጣን መጽሐፍ የሚፈልግ ሰው ለካሬን ከፍቶ መሰላቸቱ፣ እውነተኛውን ሥራ ማየት የሚፈልግም ፍሌሚንግን ከፍቶ መናቁ የተለመደ ነው። የትኛውን እንደሚፈልጉ ከመግዛትዎ በፊት ይወስኑ።

የቢሮውን ሲያነቡ መጽሐፉ ጀርባ ላይ ሦስት ነገር ይመዝግቡ፦ የመሥሪያ ቤቶቹን ምሕፃረ ቃል፣ የሰዎቹን እውነተኛና የሽፋን ስም፣ ማን ስለምን እንደሚያውቅ። በ30 ገጽ ውስጥ አንድ ሰው በሦስት ስም ይጠራል፤ ያልመዘገበ አንባቢ ሦስት ሰው ይመስለዋል። የታሪኩ ጊዜም ይታወቅ። የበርሊን ግንብ በ1961 መሠራቱንና በ1989 መፍረሱን የማያውቅ አንባቢ የግማሹ መጽሐፍ ፍርሃት አይገባውም።

የአማርኛ አንባቢ ለዚህ ዓይነት እንግዳ አይደለም። ማሞ ውድነህ ወደ አማርኛ ባመጧቸው የጦርነትና የስለላ መጻሕፍት ንባብ የጀመረ ትውልድ አለ። ከራሳችን ደግሞ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ስለላን፣ ፍቅርንና ፖለቲካን አንድ ላይ የገመደ ነው፤ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ። ማንበብ የሚያስብ ሰው ደርግ ኤርትራ ውስጥ ስላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻና ስለ 1974 ዓ.ም. አስመራ ሁለት ገጽ አንብቦ ቢጀምር ብዙ ይገባዋል።

ተከታታይ መጻሕፍት በየትኛው ቅደም ተከተል?

ነባሪው መልስ በታተሙበት ቅደም ተከተል ነው፤ ደራሲው የሚያስታውሰውን አንባቢውም እንዲያስታውስ። ሁሉም ግን እኩል አያስገድዱም። የማይ ሼቫልና የፐር ቫሉን አሥር መጻሕፍት ካንደኛው ጀምሮ ማንበብ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። ለካሬ በ1974፣ በ1977 እና በ1979 ያወጣቸውን ሦስት ተያያዥ መጻሕፍት ሦስተኛውን አስቀድሞ ማንበብ የመጀመሪያውን ምሥጢር ያበላሻል። የሜግሬ ግን ከየትም ቢጀመር ችግር የለውም። የክሪስቲም አብዛኛው እንዲሁ ነው፤ የመርማሪዋ ወይም የመርማሪው የመጨረሻ ጉዳይ ተብሎ የሚተዋወቀውን ብቻ ለመጨረሻ ይተዉት።

ሼርሎክ ሆምስ ልዩ ምክር ያስፈልገዋል። አርተር ኮናን ዶይል ስለሱ 4 ረጃጅምና 56 አጫጭር ታሪኮች ጽፏል። የመጀመሪያው ረጅም ታሪክ በ1887 የወጣ ቢሆንም ከመሐሉ ተነሥቶ ሆምስ የሌለበት ረጅም የአሜሪካ ትረካ ውስጥ ስለሚገባ ብዙ ጀማሪ እዚያው ይቀራል። በ1892 ከወጣው የአጫጭር ታሪኮች መድበል ይጀምሩ፤ አንዱ ታሪክ ከ20 እስከ 30 ገጽ ነው፣ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። ጊዜ ለሌለው ሰው እንቆቅልሽን ለመልመድም ቀላሉ መንገድ ይኸው ነው።

በወረቀት፣ በስልክ ወይስ በጆሮ?

ያገለገለ መጽሐፍ ሲገዙ ወይም ሲከራዩ መጀመሪያ የመጨረሻዎቹን ገጾች ይመልከቱ፤ የገጹን ቁጥር ብቻ እንጂ ጽሑፉን ሳያነቡ። ማጣበቂያው የደረቀ መጽሐፍ መጀመሪያ የሚጥለው ዳርና ዳሩን ነው። ከሌላ ልብ ወለድ የመጨረሻው ቅጠል ቢጎድል ያናድዳል፤ እንቆቅልሽ ግን ያለመጨረሻው ዋጋ የለውም። ቀጥሎ መሐሉን አገላብጠው ያለፈው አንባቢ በእስክሪብቶ ያሰመረበት ስም እንዳለ ይዩ። አንድ ስም ብቻ በየቦታው ከተሰመረበት ሌላ ቅጂ ይፈልጉ።

በቴሌግራም የሚዘዋወረው ስካን ፒዲኤፍ ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ ደራሲውም አሳታሚውም ምንም አያገኙበትም፤ አማርኛ የሚጽፍ ደራሲ ገበያው ጠባብ ስለሆነ ይህ ጉዳት ከባድ ነው። ሁለተኛ ሁለት ገጽ አንድ ላይ ሲነሣ መሐል ላይ ያሉ ፊደላት ይዋጣሉ፤ በደበዘዘ ስካን ላይ «ሰ» እና «ስ»፣ «በ» እና «ቡ» አይለዩም። ለስም ጥንቃቄ በሚፈልግ ታሪክ ይህ ያሳስታል። ባለ 6 ኢንች ማንበቢያ ላይ ደግሞ የስካኑ ፊደል ስለሚያንስ ማያ ገጹን አግድም አድርገው ግማሽ ግማሽ ገጽ ማንበብ ይኖርብዎታል።

በእንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው ግን ሕጋዊና ነጻ መንገድ አለ። የሆምስ ታሪኮች በሙሉና የክሪስቲ የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት አሜሪካ ውስጥ የቅጂ መብታቸው ስላበቃ ፕሮጀክት ጉተንበርግ በተባለው የነጻ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ይገኛሉ፤ ምስል የሌለው የአንድ መጽሐፍ ፋይል ከ1 ሜጋባይት እምብዛም ስለማይበልጥ ኔትወርክ ደካማ በሆነበትም ይወርዳል። አሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎች በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርዳቸው ሊቢ በተባለው መተግበሪያ ጽሑፍም ትረካም ያለ ክፍያ ይዋሳሉ። የውሰት ጊዜው ብዙ ጊዜ 14 ወይም 21 ቀን ነው፤ ተፈላጊ መጽሐፍ ከሆነ ማራዘም ስለማይቻል የአሥር ተከታታይ መጻሕፍትን ሁለትና ሦስቱን በአንድ ቀን አይዋሱ።

ትረካ ለኛ አዲስ አይደለም፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰምቶ የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ማግኘት ይከብዳል። ለጆሮ የሚስማማው በአንድ ሰው ድምፅ የሚሄድ ታሪክ ነው፦ የግል መርማሪውና የወንጀለኛው ልቡና። እንቆቅልሽን በትረካ መስማት አይመከርም፤ ሰው ምግብ እየሠራ ወይም መኪና እየነዳ ሲሰማ በየጥቂት ደቂቃው ሐሳቡ ይሄዳል፣ የሄደባት ደቂቃ የፍንጯ ደቂቃ ልትሆን ትችላለች፣ ወደ ኋላ መመለስም አስቸጋሪ ነው። የቢሮውን ስለላ ደግሞ በትረካ መስማት የሚቻለው አንድ ጊዜ ካነበቡት በኋላ ነው።

መቼ ይተዉት?

አንድ ደንብ ለሁሉም አይሠራም። የግል መርማሪውን ከመጀመሪያው ምዕራፍ በኋላ መተው ይቻላል። እንቆቅልሹ ግን ሬሳው እስኪገኝ ይጠበቅ፤ አንዳንዱ 80 ገጽ ያህል ሰዎቹን ብቻ ያስተዋውቃል፣ ያ መተዋወቅ ነው የፍንጩ ግማሽ። የፖሊሱን እስከ ሁለተኛው የመርማሪዎች ስብሰባ ይስጡት። የቢሮውን ስለላ ሩቡን አንብበው ማን ለማን እንደሚሠራ ካልገባዎት ይህ የታሰበበት ነውና አይተዉት፤ ግማሹ ላይ ደርሰው ማን እንደሆነ ካላሳሰበዎት ይተዉት።

በአንድ ጊዜ ሁለት መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ከሁለት የተለያዩ ዓይነቶች ይውሰድ፦ አንድ እንቆቅልሽ ለቅዳሜና እሑድ፣ አንድ የፖሊስ ለሥራ ቀን። ሁለት እንቆቅልሽ ጎን ለጎን ከሆኑ ተጠርጣሪዎቹ ይደበላለቃሉ፣ የአንዱን ምስክር ቃል በሌላው መጽሐፍ ውስጥ ይፈልጋሉ።

ፊልሙን መቼ ማየት ይገባል ለሚሉ፣ የግል መርማሪውና የስለላው ፊልም ቀድሞ ቢታይ መጽሐፉን ብዙ አይጎዳም። የእንቆቅልሹ ፊልም ግን ቀድሞ ከታየ መጽሐፉ የሚቀረው ሁለተኛ ንባብ ብቻ ነው። ሁለተኛ ንባብም ቢሆን የራሱ ጥቅም አለው። እንቆቅልሹን እንደጨረሱ፣ ሳያድር፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች እንደገና ያንብቡ። ገዳዩ መጀመሪያ በገባበት ገጽ ላይ የተናገረውን ቃል በቃል ይዩት፦ ደራሲው እውነቱን ነግሮዎት ከነበረ ውሉን ጠብቋል፤ የሚቀጥለውን መጽሐፉንም ይግዙት። ዋሽቶዎት ከነበረ ስሙን ከዝርዝርዎ ያውጡ።